ከዋናው ግቢ ርቀን፣ ለተማሪው ቀርበን

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

ዓመቱን ሙሉ ስለ ካምፓሳችን ቁርጥራጭ ወሬ ሳቀብላችሁ ከረምኩ። አንዴ የምዝገባ ማስታወቂያ፣ አንዴ የጸሎት ርእስ፣ አንዴ የምርቃት ፎቶ። ዛሬ በዓል ነውና ሰፋ አድርጌ ልጻፍላችሁ። የሆነውን፣ ሊሆን ያለውን፣ በልቤ የሚመላለሰውንም።

በቅርብ ለተቀላቀላችሁን ልንገራችሁ። የማስተምረው በአንድ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ካምፓስ ነው። ዋናው ግቢ ሩቅ ነው። እዚያ ዶርም አለ፣ ሜዳ አለ፣ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ለብቻው የተሠራ የጸሎት ቤት አለ። እኛ ዘንድ ጥቂት ክፍሎች፣ አንድ ቢሮና አንድ ረጅም ኮሪደር አሉ። ተማሪዎቻችን በአብዛኛው ሠራተኞች ናቸው። ብዙዎቹ ትዳርና ልጆች አሏቸው። ትምህርቱም ማታ ማታና ቅዳሜ ነው።

ሰው ሲያገኘኝ ቶሎ የሚያነሳልኝ ጥያቄ አለ። «ወደ ዋናው ግቢ መቼ ነው የምትዛወሪው?» በቅን ልብ ነው የሚጠይቁኝ። ተማሪዎቼም ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልኩ ይሰማሉ። «እዚያ ሄደሽ ብትማሪ አይሻልም ነበር?» ይባላሉ። ቅርንጫፍ የሚለው ስም ራሱ እንደ ግማሽ ነገር የሚታየው ሰው ብዙ ነው። እኔ እንዲህ አይደለም የማየው። ለምን እንደሆነ ዛሬ ልንገራችሁ።

በዚህ ሴሚስተር አንዲት ነርስ ተማሪ አለችኝ። ከሥራ በቀጥታ ነው የምትመጣው፣ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳትቀይር። ልጇን የሚይዝላት ባጣች ቀን ይዛው ትመጣለች። ኮሪደሩ ላይ አንድ ወንበር ለልጁ ጠረጴዛ ይሆናል። እሱ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ደብተሩን ወንበሩ ላይ ዘርግቶ የቤት ሥራውን ይሠራል። እሷ ደግሞ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። በሩ ገርበብ ብሎ ይቆያል። አንድ ዓይኗ ሰሌዳው ላይ፣ አንድ ዓይኗ ልጇ ላይ ነው። አንድ ማታ ልጁ ቀስ ብሎ ገባና እርሳሱን እንድትቀርጽለት ሰጣት። ቀረጸችለት። ከዚያ እጇን አውጥታ ስለ ንባቡ ጥያቄ ጠየቀች። ጥያቄዋ የዚያን ምሽት ውይይት አቅጣጫ ቀየረው። ስለ መከራ ነበር የምናነበው። እሷ ደግሞ መከራ ላይ ውላ ነው የመጣችው።

ይህቺ ሴት ዶርም ልትገባ አትችልም። ሥራዋን ልትተው አትችልም። ትምህርቱ ወደ እሷ ካልመጣ፣ እሷ ወደ ትምህርቱ የምትሄድበት መንገድ የለም። የቅርንጫፍ ካምፓስ ነገሩ በቃ ይሄ ነው።

ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19ን አስታውሱ። ጳውሎስ ኤፌሶን ውስጥ ከምኩራብ ሲወጣ ያመራው ወደ ጢራኖስ የትምህርት አዳራሽ ነው። እዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አስተማረ። አዳራሹ የእሱ አልነበረም። አንዳንድ ጥንታውያን ቅጂዎች ሰዓቱንም ይጨምራሉ፤ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ይላሉ። ፀሐይ የምትበረታበት፣ ሰው ሥራ አቁሞ የሚያርፍበት ሰዓት ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ የሚታየኝ ሌሎች ለቀው በወጡበት ክፍል፣ በተረፈ ሰዓት የሚማር ሰው ነው። እኛ ፀሐይ ስትጠልቅ እንገባለን፣ እነሱ በቀትር ይገቡ ነበር። በዚያ አዳራሽ የተነገረው ቃል እስያ የሚባለውን አውራጃ ሁሉ እንዳዳረሰ ሉቃስ ጽፎልናል።

ከዚህም ወዲህ ብዙ ታሪክ አለ። እኔ የምወደው የፎራ ቤይ ኮሌጅን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በሴራሊዮን፣ ፍሪታውን ከተማ፣ አንድ የእንግሊዝ ሚስዮናዊ ማኅበር የከፈተው ኮሌጅ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሳሙኤል አጃዪ ክራውተር ይባላል። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ፣ በ1822 ከባሪያ መርከብ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። በ1864 ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ዮሩባ ቋንቋ ሲተረጎምም የሥራው መሪ እሱ ነበር። ኮሌጁ በ1876 እንግሊዝ ካለው ከደርሃም ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቆራኘ። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ባሕር ሳይሻገሩ፣ እዚያው ፍሪታውን ተቀምጠው የደርሃም ዲግሪ መያዝ ቻሉ። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ደርሃም የተመሠረተው በ1832 ነው። «ቅርንጫፉ» ከዋናው በአምስት ዓመት ይበልጣል። ክራውተርም ደርሃም ከመኖሩ በፊት ፎራ ቤይ ተማሪ ነበር። ታዲያ የትኛው ነው እውነተኛው ትምህርት ቤት? ለእኔ ሁለቱም ናቸው።

ሌላው የጓቲማላ ታሪክ ነው። ለሥራችን ከዚህ የሚቀርብ አላውቅም። እዚያ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ ነበር፣ ዋና ከተማው ውስጥ። ችግሩ ምን ነበር? በገጠር ያሉ ምእመናንን በተግባር የሚመሩት ሰዎች ትልልቆች፣ ባለትዳሮችና ሠርተው የሚያድሩ ነበሩ። ቤታቸውን ዘግተው ለዓመታት ከተማ ሊቀመጡ አይችሉም። ሴሚናሪው መጀመሪያ ወደ ገጠር ተዛወረ። እሱም ብቻውን አልበቃም። በ1963 ራልፍ ዊንተር፣ ጄምስ ኤመሪና ሮስ ኪንስለር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሌላ መንገድ ጀመሩ። ተማሪው ቤቱ ሆኖ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀውን ትምህርት ያጠናል። መምህሩ በየሳምንቱ ተጉዞ በአቅራቢያው ባለ ማእከል ያገኘዋል። የመንገዱን ድካም የተሸከመው መምህሩ ነው። ይህ አሠራር ከዚያ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል።

ከዚህ ሁሉ የምወደው ሐሳቡ የተነሣበት ቦታ ነው። «ተማሪዎች ለምን አይመጡም?» ብለው አልቆሙም። «የሚመሩት ሰዎች የት ናቸው?» ብለው ጠየቁ፣ ከዚያ ተነሥተው ሄዱ።

የልደቱንም ታሪክ ዘንድሮ በዚሁ ዓይን ነው ያነበብኩት። እረኞቹ ማታ ሥራ ላይ ነበሩ። መንጋ የሚጠብቁ የሌሊት ተረኞች። የምሥራቹ የደረሳቸው በሥራ ሰዓታቸው፣ በሥራ ቦታቸው፣ ሜዳ ላይ ነው። «ነገ ጠዋት ኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ኑና ይነገራችኋል» አልተባሉም። የተወለደውም በቤተ ልሔም ነው። ነቢዩ ሚክያስ ከይሁዳ አእላፋት መካከል ታናሽ ናት ያላት ቤተ ልሔም። ነርሷ ተማሪዬ ይህን ክፍል በጸሎት ሰዓታችን ስታነብ ድምጿ ተሰበረ። የሌሊት ተረኛ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ ሁሉ በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

የጸሎት ሰዓታችንን ካነሣሁ ትንሽ ልንገራችሁ። ዋናው ግቢ ጸሎት ቤቱ ደወል አለው፣ መዘምራኑም ብዙ ናቸው። እኛ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ባለው እረፍት ነው የምንሰበሰበው። ወንበር እንገፋለን፣ አንድ ሰው ያነባል፣ አንድ ሰው ይጸልያል፣ አንድ መዝሙር እንዘምራለን። የሚቀረው ጊዜ ሻይ ለመጠጣት እንኳ አይበቃም። ግን ሰው አይቀርም። ደክሞት የመጣ ሰው፣ ለፈተና ያላነበበ ሰው፣ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ የመጣ ሰው፣ ሁሉም ይገባል። ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ነን ስንል ማረጋገጫችን በር ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ አይመስለኝም። እነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ተማሪው ስሙ ተጠርቶ የሚጸለይለት እዚያ ነው።

እውነቱን ለመናገር የሚጎድለንም አለ፣ ልሸፍነው አልፈልግም። የቅርንጫፍ ተማሪ ብቸኝነት አለበት። ከክፍል ወጥቶ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ከመምህሩ ጋር ሻይ ይዞ የሚያወራበት ሰዓት የለውም። ብዙ መምህራን የሚመጡት ለኮርሳቸው ብቻ ነው፤ አስተምረው ይሄዳሉ። ሬጅስትራር ያለው ሩቅ ነውና አንድ ቀላል የወረቀት ጉዳይ ብዙ ቀን ሊጎተት ይችላል። መጽሐፍም እንደ ዋናው ግቢ እጅ ዘርግተው ከመደርደሪያ የሚያነሡት አይደለም። ትምህርቱ ወደ ሰው መጣ ማለት ምሉእ ሆኖ መጣ ማለት አይደለም። ይህን የማሟላት ዕዳ የእኛ ነው፣ የተማሪው አይደለም።

ስለዚህ ወደየትኛውም ቅርንጫፍ ካምፓስ ለመግባት የምታስቡ ወዳጆቼ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲው ዕውቅና አለው ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ያ ፕሮግራም፣ በዚያ ካምፓስ እንዲሰጥ ዕውቅና አለው ወይ? የምትወስዱት ክሬዲት ወደ ዋናው ግቢ ወይም ወደ ሌላ ተቋም ይሻገራል ወይ? ዲግሪው ላይ የሚጻፈው ምንድን ነው? ከኮርሶቹ ስንቶቹ በአካል፣ ስንቶቹ በኢንተርኔት ይሰጣሉ? አድቫይዘር ይመደብላችኋል ወይስ ራሳችሁን ታማክራላችሁ? ባች በበቂ ቁጥር ካልሞላስ ምን ይሆናል? ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ጥሩ ትምህርት ቤት በእነዚህ ጥያቄዎች አይከፋም። እኔ እንዲያውም አንድ ሰው እነዚህን ይዞ ቢሮ ሲገባ ደስ ይለኛል። ሊጨርስ የመጣ ሰው ነውና።

አሁን ወደ ወሬው። የላይብረሪው ነገር በመጨረሻ ተስተካክሏል። ተማሪዎቻችን የዋናውን ግቢ የኤሌክትሮኒክ ስብስብ ከቤታቸው ሆነው በራሳቸው መለያ መክፈት ጀምረዋል። የታተመውንም መጽሐፍ አዝዘው እዚህ ቢሮ መረከብ ይችላሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ የደረሱት ልጆች ደስታቸውን ብታዩ! አማካሪ ባለሙያም ተመድቦልናል፤ ከትምህርት በፊት ባለው ሰዓት ቢሮ ይገኛል። ለዚህ ረጅም ጊዜ ስንጸልይ ነበር፣ ብዙዎቻችሁም አብራችሁን ጸልያችኋል። አመሰግናለሁ።

ኮሪደሩም ተለውጧል። ከተማሪዎቹ አንዱ አናጺ ነው። ማንም ሳይጠይቀው ሁለት ዝቅ ያሉ ጠረጴዛዎችና አግዳሚ ወንበሮች ሠርቶ አመጣ። ጠርዛቸው ልጆችን እንዳይቧጭር ተብሎ በደንብ ተልጓል። አሁን የተማሪዎቻችን ልጆች የቤት ሥራቸውን ቁጭ ብለው ይሠራሉ። ከፍ ያሉት ታናናሾቹን ያስጠናሉ።

ከበዓሉ በኋላ ያለው ደግሞ ይሄ ነው። መጀመሪያ የሁለተኛ ሴሚስተር ምዝገባ ይከፈታል። ነባር ተማሪዎች፣ እባካችሁ ክፍያና የኮርስ ምርጫ ለመጨረሻዋ ቀን አታቆዩ። የመጨረሻው ቀን ሰልፍ ማንንም አይጠቅምም። ከዚያ ለአዲስ ገቢዎች የጉብኝት ምሽት ይኖረናል። መጥታችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አንድ ትምህርት ትሰማላችሁ፣ ከተማሪዎቹም ጋር ትነጋገራላችሁ። የእኔን ቃል ብቻ አትመኑ፣ እነሱን ጠይቋቸው። ለረጅም ጊዜ ከትምህርት ርቃችሁ ለቆያችሁ ደግሞ ጽሑፍ አጻጻፍና የማጣቀሻ አያያዝ የምንለማመድባቸው ቅዳሜዎች ይኖራሉ። ክፍያ የላቸውም።

የመዝሙር ምሽትም አለ። ለዚህ በጣም ጓጉቻለሁ። የተማሪዎቹ ኅብረት በራሱ ነው ያዘጋጀው። ልጆችም፣ እናቶችና አባቶችም፣ ባሎችና ሚስቶችም ይመጣሉ። ተማሪው ማታ ማታ ሲቀር ቤት ውስጥ ሥራውን የሚሸፍኑለት እነሱ ናቸው። ይህ ምሽት በዋነኛነት የእነሱ ነው። ከመዝሙሩ በኋላ መምህራኑ ቆመው እያንዳንዱን ቤተሰብ በስሙ ያመሰግናሉ።

ምርቃቱ እንደ ወትሮው በዋናው ግቢ ነው። ሆኖም ዘንድሮ ከጉዞው በፊት ባለው ማታ እዚሁ ክፍላችን የስንብት ጸሎት ይኖረናል። ወደዚያ መሄድ ለማይችሉ ወላጆች ብለን ነው ያሰብነው። ተመራቂዎቹ ጋውናቸውን ለብሰው ይመጣሉ፣ አረጋውያን ወላጆቻቸው እዚሁ ይመርቋቸዋል። ፎቶ አንሺ ሆናችሁ ልታግዙን የምትችሉ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ወንበርና የድምፅ መሣሪያ ሊያውሰን የሚችል ሰውም እንፈልጋለን።

የጸሎት ርእሳችንን ልንገራችሁና ላብቃ። በዚህ ሴሚስተር በሥራ ለውጥ ወይም በቤተሰብ ሕመም አቋርጠው የሄዱ ተማሪዎች አሉን። ቦታቸው ክፍት ነው። የወሰዱት ክሬዲት መዝገብ ላይ ተቀምጧል፣ አልጠፋም። ከእነሱ አንዷ ወይም አንዱ ይህን እያነበባችሁ ከሆነ፣ ለመመለስ ምክንያት ማቅረብ አያስፈልጋችሁም። ደውሉልኝ፣ ከየት እንደምትቀጥሉ አብረን እናያለን።

ለእናንተም፣ ለቤተሰባችሁም፣ በዚህ በዓል ማታ ተረኛ ሆናችሁ ለምትውሉና ለምታድሩ ሁሉ መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ።