አንድ ሰመር በካኑ ሎጅ፦ እንዴት ሠራሁ፣ ምን ተማርኩ

ያደግኩት ባሕር ዳር፣ ጣና አጠገብ ነው። መዋኘት ግን አልችልም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሰመሩ ትልቁ ትምህርቴ ከዚህ ስለሚጀምር ነው።

ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ካፌና መጋዘን መሥራት ሰልችቶኝ ነበር። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ያለፈውን ሰመር ኢሊ አካባቢ ሠርታ እንደመጣች ነገረችኝ። ኢሊ በሰሜን ሚኒሶታ፣ ወደ ካናዳ ድንበር የተጠጋች ትንሽ ከተማ ናት። ከእኛ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ትርቃለች። ከእሷ አለፍ ሲባል ባውንደሪ ዋተርስ የሚባለው ጥብቅ ዱር ይጀምራል። ስፋቱ ከ1 ሚሊዮን ኤከር በላይ ነው፤ ከ1,000 በላይ ሐይቆች አሉት። በአብዛኛው ክፍል ሞተር ክልክል ነው። ሱቅ የለም፣ መንገድ የለም፣ ስልክም ብዙ ቦታ አይሠራም። ሰው የሚገባው በካኑ ነው። ካኑ ቀጭን፣ በእጅ የሚቀዘፍ ጀልባ ነው፤ እኔ በልቤ ታንኳ ነው የምለው።

በዱሩ አፋፍ ላይ ያሉት ሎጆች ለሚገቡት ሰዎች ካኑ፣ ድንኳን፣ ምግብና ካርታ ያዘጋጃሉ። ሠራተኛ የሚፈልጉት ገና ሐይቁ በረዶ ሳለ ነው። እኔ ያመለከትኩት ፌብሩዋሪ ላይ ነበር። ሜይ ላይ ሥራ መፈለግ የጀመረ ሰው ዘግይቷል። ደግሞ እስከ መቼ እንደምትቆዩ በግልጽ ጻፉ። ብዙ ተማሪ ኦገስት ላይ ትምህርት ሊጀመር ነው ብሎ ይሄዳል፣ ሥራው ግን እስከ ሴፕቴምበር አለ። እኔ የዚያን ሴሚስተር ትምህርት ኦንላይን እንደምወስድና እስከ መጨረሻው እንደምቆይ ጻፍኩ። የተጠራሁት በዚያ ይመስለኛል።

ቃለ መጠይቁ በስልክ ነበር። የሎጁ ባለቤት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። «ከውሃ ጋር እንዴት ነሽ?» አሉኝ። «ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት» አልኳቸው።

ውሸት አይደለም። መልስም አይደለም። ጣና ዳር ያደገ ሁሉ ዋናተኛ አይሆንም። እኛ ቤት ወደ ውሃው መጠጋት ያስቆጣ ነበር፤ ቢልሃርዝያ አለ፣ ጉማሬ አለ። ውሃውን የማውቀው ከዳር ቆሜ ነው። እሳቸው ግን የሰሙት ሌላ ነው፣ እኔም አላረምኳቸውም። ሥራው እንዳያመልጠኝ ፈራሁ።

እናቴ ስትሰማ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ደመወዝ አልነበረም። «አንቺ ልጅ፣ ድብ አለ ይላሉ እኮ!» አለች። ድቡ አለ፣ እውነቷን ነው። ግን ያን ሰመር ያስጨነቀኝ ድብ አልነበረም።

ሜይ አጋማሽ ላይ የሥልጠና ሳምንት ነበረን። በረዶው ከሐይቁ ከለቀቀ ገና ጥቂት ቀኑ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ሁላችንም ላይፍ ጃኬት ለብሰን ካኑውን ሆን ብለን እንድንገለብጥና ተመልሰን እንድንወጣ ታዘዝን። ተራዬ ሲደርስ እጄ መቅዘፊያውን አልለቅ አለ። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ «አንድ፣ ሁለት» ብላ ስትቆጥር አስታውሳለሁ። ከዚያ ቅዝቃዜው ደረቴን ያዘው። አየር ወደ ውስጥ ሳብኩ እንጂ ማስወጣት አቃተኝ። ጃኬቱ አንሳፎኛል፤ ጭንቅላቴ ከውሃ በላይ ነው። ግን እየሰመጥኩ ያለሁ ያህል ነበር የምንፈራገጠው። ሁለት ልጆች ጎትተው አወጡኝ።

ብርድ ልብስ ተከናንቤ ኩሽና ውስጥ ተቀምጬ ለባለቤቷ ነገርኳቸው። መዋኘት አልችልም አልኩ። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። «የማላውቀውን ነገር ልጠብቅሽ አልችልም» አሉኝ። እስኪሞቅ ድረስ ከሌላ ሰው ጋር ካልሆንኩ ውሃ ላይ እንዳልወጣ ወሰኑ፣ ሥራዬንም ወደ ዕቃ ቤቱ አዛወሩት። ጁላይ ላይ ውሃው ሲለዝብ የሎጁ ምግብ አብሳይ ማታ ማታ መዋኘት አስተማረችኝ። መጀመሪያ የተማርኩት በጀርባ ተኝቶ መንሳፈፍ ነው፤ ጆሮ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሁሉ ነገር ጸጥ ይላል። ኦገስት መጨረሻ ላይ ከመሰላሉ እስከ ተንሳፋፊው መድረክ ድረስ ብቻዬን ደረስኩ።

የአገሬ ልጆች፣ ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ መዋኘት አትችሉ ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ስታመለክቱ ተናገሩት። ሥራ አያሳጣችሁም። ቢያሳጣችሁም ይሻላል።

ዕቃ ቤቱን እንደ ቅጣት ነበር የቆጠርኩት። ተሳስቻለሁ። የሎጁ ልብ እዚያ ነው። አንድ ቡድን ለአምስት ቀን ሲገባ የሚበላውን፣ የሚተኛበትን፣ የሚሸፈንበትን ሁሉ የምንቋጥርለት እኛ ነን። የረሳነው ነገር ከኋላ አይደርስለትም። እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ለሰው ስንቅ ትቋጥራለች» ነው ያለችው። ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላገኘሁም።

ስንቁ ሕግ አለው። የምግብና የመጠጥ ቆርቆሮና ጠርሙስ ይዞ ወደ ዱሩ መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ ምግቡ ሁሉ በከረጢት ይሆናል። ማታ ድብ እንዳያገኘው በገመድ ከመሬት ከፍ ተደርጎ፣ ከግንዱም ራቅ ብሎ ይሰቀላል፣ ወይም ድብ የማይከፍተው ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ክብደቱም ይታሰባል። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የሚኬደው በእግር ነውና። ፖርቴጅ ይሉታል፤ ካኑውንም ዕቃውንም ተሸክሞ በጫካ መሻገር ነው። ርቀቱ የሚለካው በሮድ ነው። አንድ ሮድ 5 ሜትር ያህል፣ ወደ አንድ ካኑ ርዝመት የሚጠጋ ነው። ካርታው ላይ ከሁለት ሐይቅ መሐል 30 ወይም 140 የሚል ቁጥር ካያችሁ የሚጠብቃችሁ የትከሻ ሥራ ነው።

የእኔ ትልቁ ስሕተት የመጣው ከዚሁ ዕቃ ቤት ነው። ጁላይ ላይ አራት ሰው ያለበት አንድ ቤተሰብ ጠዋት ገባ። ሁለቱ ልጆች ናቸው። ደረቅ ሳምንት ስለነበር እሳት ማንደድ ታግዷል፤ የሚፈቀደው የጋዝ ምድጃ ብቻ ነው። ምድጃውን እኔ ነኝ የቋጠርኩት። እኩለ ቀን ላይ መደርደሪያውን ስጠርግ የእነሱ ቁጥር የተለጠፈባቸው ሁለት የጋዝ ጣሳዎች ቁጭ ብለው አየኋቸው። ምድጃው ሄዷል፣ ጋዙ ቀርቷል። ሩዙ፣ ፓስታው፣ አጃው ሁሉ ሳይፈላ የማይበላ ነው።

ወዲያው ለባለቤቷ ነገርኳቸው። በሜይ የተማርኩት እዚህ ጠቀመኝ፤ አንድ ደቂቃ አላመነታሁም። ካርታውን አውጥተው ቤተሰቡ ያድርበታል ያሉትን ሐይቅ አሳዩኝ። ከአንድ ልምድ ካለው ባልደረባዬ ጋር ተላክን። ሁለት ፖርቴጅ አለ። ሁለተኛው 140 ሮድ ነው፣ 700 ሜትር ገደማ።

እዚያ ላይ ካኑውን ልሸከም አልኩ። ኬቭላር ከሚባል ቀላልና ጠንካራ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሠራ ስለሆነ 19 ኪሎ ያህል ነው የሚመዝነው፤ የአሉሚኒየሙ 34 ይደርሳል። ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ካኑውን ጭኔ ላይ አስደገፍኩት። አንድ እጄን በወዲያኛው ጠርዝ፣ ሌላውን በወዲህኛው ያዝኩ። በጭኔ ገፋ አድርጌ ከራሴ በላይ ገለበጥኩት፣ ቀንበሩ ትከሻዬ ላይ ዐረፈ። ቀንበር የምለው ለማሳመር አይደለም። እነሱም የሚጠሩት በበሬው ቀንበር ስም ነው፤ በካኑው ወገብ ላይ የተጋደመ፣ ለአንገት ቦታ የተፈለፈለለት እንጨት ነው። ከሥሩ ሲገቡ የሚታየው የራስ እግርና ፊት ለፊት ያለው ሁለት ሦስት እርምጃ ብቻ ነው። የራሴ ትንፋሽ ከላይ ተመልሶ ይሰማኛል። ቢምቢው እዚያው ጥላ ውስጥ ተሰብስቧል፣ ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል። ሥር ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ረግረግ ነው። ባልደረባዬ ከኋላዬ ሻንጣውን ተሸክሞ «ግራውን ያዢ፣ ቀስ» ይለኛል። መጨረሻ ላይ በካኑው አፍንጫ ሥር የውሃ ብልጭታ ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ። ድንጋይ ላይ አልጣልኩትም። ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ቀስ ብዬ አወረድኩት። ኬቭላር ድንጋይ አይወድም፤ ካኑ የሚነካው አየርና ውሃ ብቻ ነው ብለው ያስተማሩን በመጀመሪያው ቀን ነው።

እዚያው ተቀምጠን በሶ በላን። እናቴ ከመንገዴ በፊት ቋጥራልኝ ነበር። በውሃ አሸት አድርጌ፣ ጨውና ስኳር ጣል አድርጌበት ለባልደረባዬ ሰጠሁት። እሳት አይፈልግም፣ ቆርቆሮ የለውም፣ ቀላል ነው፣ ሆድ ይይዛል። ሁለቴ «ጨምሪልኝ» አለኝ። የአገራችን የመንገድ ምግብ፣ በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ፣ ቋንጣው፣ ለዚህ ዱር ታስቦ የተሠራ ይመስል ነበር። በኋላ ፍልሰታ ሲገባ ለራሴ ሽሮ እሠራ ነበርና አብሳይዋ ቀመሰች። ከሚኒያፖሊስ ሽሮ አስመጣን፤ ሥጋ ለማይበሉ እንግዶች በከረጢት ይታሸግ ጀመር። ውሃ፣ ጥቂት ዘይት፣ አሥር ደቂቃ። በዚያ ሰመር ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው።

ቤተሰቡን ያገኘነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ልጆቹ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ በልተው ነበር። አባትየው ጣሳዎቹን ሲቀበለኝ ምንም አላለም፣ እናትየው ግን አቀፈችኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በስሜ ነገርኳቸው። ለመመለስ ስለመሸብን እነሱ ካምፕ ጥግ ላይ አደርን። በሐይቁ ላይ ሉን የሚባለው ወፍ ሌሊቱን ሲጮህ አደረ። ቀይ ዓይን ያለው ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው። ድምፁ አንዴ እልልታ፣ አንዴ ሙሾ ይመስላል። እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ሙሉውን ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ አቋጣጠሩን ቀየርን። ድሮ አንድ ሰው ዝርዝሩን ይዞ በዓይኑ እያየ ምልክት ያደርግ ነበር። ዓይን ያታልላል፤ ጣሳዎቹን እኔም «አይቻቸዋለሁ»፣ መደርደሪያው ላይ። አሁን አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው ሻንጣው ውስጥ እጁን ከቶ ይነካል። ያልተነካ ነገር አልገባም ማለት ነው። በቡድን አምስት ደቂቃ ይጨምራል። እስከ ሴፕቴምበር አንድም ነገር ቀርቶብን አያውቅም።

ሌላ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ። ረጅም እጅጌ ያለው፣ ፈካ ያለ ቀለም ልብስ ያዙ። ማታ ማታ መዥገር ፈትሹ፤ ጉልበትና ብብት ሥር፣ የፀጉር መስመር። ጥጥ ካልሲ ጥሉት፣ ሱፍ ግዙ። በሰዓት የሚከፈለኝ ከተማ ካገኘሁት ያነሰ ነበር፤ ግን መኝታና ምግብ ስለነበረኝ፣ ማጥፊያም ስለሌለ፣ ከየትኛውም ሰመር የበለጠ አጠራቀምኩ። ብቸኝነቱ ግን ከባድ ነው። አማርኛ የምሰማው እሑድ በሎጁ ስልክ እናቴን ሳገኛት ብቻ ነበር። ጁን ላይ አንድ ሳምንት ልመለስ ወስኜ ነበር። አብሳይዋ «ይህን ሳምንት ብቻ ጨርሺ» አለችኝ፣ የሚቀጥለው ሳምንት መጣ፣ አለፈ።

ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ከሎጁ ወጣ ብሎ ባለ ሐይቅ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የኦጂብዌ ሰዎች የዱር ሩዝ ሲሰበስቡ አየሁ። ማኖሚን ይሉታል፤ ውሃ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚበቅል ነው። ሁለት ሰው በአንድ ካኑ። አንዱ ከኋላ ቆሞ በረጅም እንጨት ይገፋል፤ ሌላው ተቀምጦ በሁለት ዱላ ዛላውን ወደ ውስጥ ጎንበስ እያደረገ ፍሬውን ያረግፋል። የቆመውን ሰውዬ ሳይ ደንግጬ ቀረሁ። ጣና ላይ እንጨት ጭነው ወደ ገበያ የሚመጡት ባለ ታንኳዎች አቋቋማቸው እንዲሁ ነበር። ካኑን ቀድሞ ከበርች ዛፍ ቅርፊት ይሠሩ የነበሩት የእነዚህ ሰዎች አያቶች ናቸው። የእኛ ታንኳ ደግሞ ከደንገል ነው። ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁ።

በመጨረሻው ሳምንት እናቴ መጣች። ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ በነጠላ ጠቅልላ ለባለቤቷ አመጣች። ላይፍ ጃኬት አለበስኳት፣ ከፊት አስቀመጥኳት፣ በዳር በዳር ቀዘፍኩ። ጠርዙን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አልተናገረችም። ስንመለስ ካኑውን ከውሃ አንስቼ መደርደሪያው ላይ ገለበጥኩት። ተጠግታ በመዳፏ ዳበሰችው።

«ውሃ አይጠጣም?» አለችኝ። የደንገሉ ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ ከሐይቅ ሲወጣ ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል።

«አይጠጣም፣ እማዬ።»

ሆዱ ላይ የቀረውን ጠብታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።