ጉበቷ ነው ተባልን

ስሙ የተመሰገነ ይሁን። የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። እናቴ ሄፓታይተስ ቢ ጉበቷን ጎድቶት፣ ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ይዞ ሲጠጥር) ተብላ የቫይረሱን መድኃኒት ቴኖፎቪር ትወስዳለች። ክረምቱን ሆዷ የቋጠረው ውኃ ቀንሶላት ደኅና ከርማ ነበር፤ ከመስቀል ወዲህ ግን ብርዱ አልለቃት አለ። ፀሐይ ላይ ጋቢ ደራርባ ትኮራመታለች፤ ድምፅዋ ጎረነነ፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። የታየችበት ሁሉ መልሱ «ጉበቷ ነው፤ ወስዳችሁ አስታምሟት» ሆነ።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ሌሊት ጨርሶ አልነቃ አለችኝ። «እማ!» ስላት «እ?» ትልና ተመልሳ ጭልጥ ትላለች። ለጉበቷ የታዘዘላትን የሚያስቀምጥ ሽሮፕ፣ ላክቱሎሱን፣ በማንኪያ ብሰጣት በከንፈሯ ጥግ ወረደ። እግሯን ብይዘው በረዶ ነው። ዳዊቱን ገልጬ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለው ላይ ስደርስ ዘጋሁት። «ይህን ሁሉ ጸበል ጠጥታ፣ ይህን ሁሉ ሱባዔ ገብቼ፣ ሌላ ምን ቀረኝ?» ብዬ ጮኽሁ። አዎ፣ በእግዚአብሔር ላይ። ያን ጊዜ ከሚካኤል የማኅሌቱ ከበሮ ይሰማኝ ጀመር። እያለቀስሁ «ለነገ አድርስልኝ» ብዬ ጃንጥላ ተሳልሁ።

ጎረቤታችን፣ ልጆቹን ይባርክለት፣ ባጃጁን በራችን ድረስ አስጠግቶ ራሱ ተሸክሞ አወጣት። ተረኛው ሐኪም ገና ልጅ እግር ነው። «እማማ፣ እጅዎን እንዲህ ቀጥ ያድርጉልኝ» አላት። እንደ ምንም ዘረጋች። የጉበት በሽታ አንጎልን ሲያውክ እጅ ይርገበገባል አሉ፤ የእሷ ግን ዝም አለ። ከተረከዟ በላይ ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ፤ እግሯ ዘለለና ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ተመለሰ። ደገመው። ከዚያ አንገቷን ዳሰሰና «ታይሮይድ ተመርምረው ያውቃሉ?» አለ። አንገት ላይ ያለው፣ የሰውነትን ሙቀትና ጉልበት የሚያዝዘው ዕጢ ነው፤ ሲደክም እግር ተመትቶ እንዲህ ቀስ ብሎ ይመለሳል አሉ። ማንም አስቦት አያውቅም!

ተኝታ ስትታከም ናሙናው ባሕር ዳር ደርሶ ውጤቱ መጣ። የታይሮይድን ሆርሞን ቲ4ን ወደ ሌላው ሆርሞን ወደ ቲ3 ከሚለውጡት አንዱ ጉበት ስለሆነ፣ ጉበቱ የታመመ ሰው ቲ3 ብቻውን ቢያንስ አይደንቅም፤ ለዚያ ብቻ ተብሎ የታይሮይድ መድኃኒት አይሰጥም አለኝ። የእናቴ ግን ቲ4ም ወርዶ፣ ከአንጎል ሥር ወጥቶ ዕጢውን «ሥራ» የሚለው ሆርሞን ቲኤስኤች በጣም ከፍ ብሏል፤ ዕጢው ራሱ ደክሟል። እኛ እንቅርት እያየን ያደግን ሰዎች ነን፤ አንገቷ ካላበጠ በምን እንጠርጥር? የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ በትንሹ ተጀመረላት።

ወራት አለፉ። አሁን ማለዳ በባዶ ሆዷ ክኒኗን ትውጥና «ቡናው ገና ነው?» እያለች ትቆጣኛለች፤ ሐኪሙ ቡናውን አዘግዩላት ብሏላ! ጉበቷ አልዳነም፤ ቴኖፎቪሩም ክትትሉም እንዳለ ነው። ጃንጥላውን ለሰኔ ሚካኤል አስገባለሁ። ወለተ ማርያም ብላችሁ በጸሎት አስቡልኝ።