ቀጭን አንጓ፣ ትልልቅ ሰዓቶች

የእጄ አንጓ ዙሪያው 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። በክር ለክቼ፣ ክሩን ማስመሪያ ላይ ዘርግቼ ያረጋገጥኩት ስለሆነ ማንም አይከራከረኝም። ታላቅ ወንድሜ በዚህ በኩል የታደለ ነው። ክንዱ ምሰሶ ስለሚያህል ሰዓት ሲገዛ ከ44 ሚሊ ሜትር በታች ያለውን ዘወር ብሎም አያየው። ለስድስት ሳምንት ርቆ ሲሄድ ሦስት ሰዓቶቹን አደራ ሰጠኝና «ተቆልፎባቸው እንዳይከርሙ፣ እያፈራረቅህ እሰራቸው» አለኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ቢባልም አላቅማማሁም። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሳምንት መደብኩ።

የጀመርኩት በፓኔራይ ሉሚኖር ነው። 44 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ እንደ ትራስ ጠርዙ የተለዘበ አራት ማዕዘን ገላ፣ በጨለማ የሚያበሩ ግዙፍ ቁጥሮች፣ በቀኝ ጎኑ ደግሞ መሙያ ቁልፉን አቅፎ የያዘ ድልድይ። ኩባንያው በጥንት ዘመኑ ለጣሊያን ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ይሠራ ነበር፤ ድልድዩ ላይ ያለችው ማንሻ ቁልፉን ተጭና የምትይዘው ውሃ እንዳይሰርግ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት የምውል ሰው ነኝ፣ የሚያሰጋኝ ውሃ ቢኖር የመጠጥ ብርጭቆ ነው። ቢሆንም ማንሻዋን መክፈትና መዝጋት ሱስ ሆነብኝ። አንድ ስብሰባ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በዓይኑ እስኪለምነኝ ድረስ ቀጭ ቀጭ ሳደርጋት ቆየሁ።

መልኩ ላይ አቃቂር የለኝም። ፊቱ ባዶ ሊባል የሚችል ነው፤ ሁሉም ነገር ትልቅ፣ ሁሉም ነገር ጥቂት። ችግሩ ከጎን ሲታይ ነው። የአንጓዬ የላይኛው ጠፍጣፋ ስፋት 52 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሰዓቱ ርዝመት ማሰሪያው ከሚገባባቸው እግሮች ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው 53 ገደማ ነው። ስለዚህ ማሰሪያው ወዲያው ቆዳዬ ላይ አይተኛም፤ መጀመሪያ አየር ላይ ይወጣና ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። በመካከሉ እርሳስ ይሾልካል፤ ሞክሬዋለሁ።

ያን ጊዜ ነው የራሴን ኦሜጋ ስፒድማስተር አውጥቼ የለካሁት። እሱም ቢሆን ትንሽ አይደለም፤ 42 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን እግሮቹ ወደ ታች የታጠፉ ናቸው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 48 ገደማ። ሻጮች የሚነግሩን የፊቱን ስፋት ብቻ ነው። ያ ቁጥር ስለ ምቾት የሚናገረው ጫማ ስንገዛ የጫማው ቀለም የሚነግረንን ያህል ነው። (ማጋነኔ ይታወቀኛል።)

ወንድሜ በስልክ ሌላ ነገር አስተማረኝ። ሰዓት ያምርብኝ እንደሆነ የማየው አንጓዬን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ወይም በስልክ ካሜራ በቅርብ አንስቼ ነበር። «ሰው የሚያይህ ከዚያ ርቀት አይደለም፤ ከመስታወት ሁለት እርምጃ ራቅና ቁም» አለኝ። እውነቱን ነው። ቅርብ ያለ ነገር ይገዝፋል። በመስታወት ውስጥ ሉሚኖሩ ልክ ባይሆንም የሚያሳፍር አልነበረም።

ሁለተኛው ሮሌክስ ዲፕሲ ነው፣ እስከ 3,900 ሜትር ጥልቀት የሚቋቋመው። ከነብረት ሰንሰለቱ ከ200 ግራም በላይ ይመዝናል፣ ውፍረቱም የሸሚዜን እጅጌ አላስቆልፍ ብሎኛል። አልወደድኩትም። ሆኖም አንድ ያልጠበቅኩትን ነገር አሳየኝ፤ ከባድ ሰዓት ሁሉ አይከብድም። ሰንሰለቱ ራሱ ክብደት ስላለው ራሱንና ጭራውን ያመዛዝነዋል፣ አንጓዬ ላይም አይሽከረከርም። መቆለፊያው ደግሞ ያለ ምንም መሣሪያ በ2 ሚሊ ሜትር እርምጃ ይሰፋል፣ ይጠባል። እጅ በሙቀት እንደሚያብጥ የሚያውቅ ሰው የሠራው ነው።

የመጨረሻው የአይ ደብሊው ሲ ቢግ ፓይለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው የመጀመሪያው ሰዓት 55 ሚሊ ሜትር ነበር፤ አብራሪዎች ከጃኬታቸው እጅጌ በላይ ያስሩት ነበርና። መሙያ ቁልፉ ዛሬም ሾጣጣና ትልቅ የሆነው በጓንት እጅ እንዲያዝ ነበር። የወንድሜ 46 ነው፣ በቆዳ ማሰሪያ። በምቾት ከሦስቱ የባሰው ይኸው ነው። ራሱ ከባድ፣ ማሰሪያው ቀላል ስለሆነ እጄን ባወዛወዝኩ ቁጥር ወደ ጎን ያጋድላል። መሙያ ቁልፉ ደግሞ ስጽፍ የእጄን ጀርባ ይወጋኛል። ቀኝ እጄ ላይ ባስረው ቁልፉ ወደ ክርን ስለሚዞር መገላገያ አገኘሁ ብዬ ነበር፤ በዚያው ቀን ከበር እጀታ ጋር አላተምኩትና ልቤ ቀጥ አለ። ደግነቱ ሰዓቱ አልተጫረም። ወደ ግራ መለስኩት።

ለእኔ ዓይነቱ ሰው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ 43 ሚሊ ሜትር ቢግ ፓይለት አለ። አስሬ አይቼዋለሁ፤ ይመቻል፣ ግን ያ ሰፊ ጥቁር ፊት፣ ያ ጸጥታ፣ ትንሽ ተሰብስቦበታል።

ወንድሜ ተመልሶ ሲመጣ ሦስቱን ሰዓቶች ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩለት። አንዱንም አላነሣም። ግራ እጄን ያዘና ወደ መብራቱ አዞረው፤ ከአንጓዬ በላይ፣ በእጄ ጀርባ ላይ፣ ቀይ ክብ ምልክት ነበር።

«ፓይለቱ ስንት ሳምንት ታሰረ?» አለኝ።

«ሁለት።»

ምልክቱን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው።

«ሦስት ተኩል» አልኩት።