ዋይ ቱቦ የሚያፈሰው ሦስቱ ስፌት የሚገናኙበት ላይ ነው

ባለፈው ሳምንት ከፎገራ በኩል አንድ አባት የፈነዳ ዋይ (አንዱን ቱቦ ለሁለት የሚከፍል፣ እንደ Y ፊደል ያለ መገጣጠሚያ) በባጃጅ ጭነው ወርክሾፕ መጡ፣ ባሕር ዳር አባይ ማዶ ነው የምሰራው። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ከጣና በፓምፕ እየሳቡ ሽንኩርት ያለማሉ፣ ዋናው ቱቦ 4 ኢንች ነው፣ እሱ ለሁለት ይከፈልና አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ማሳ ይሄዳል። «ልጄ ሁለቴ አስበየድኩት፣ ሁለቴም አፈሰሰ፣ ሽንኩርቱ ሊጠወልግብኝ ነው» አሉኝ። አገላብጬ ሳየው ቱቦዎቹ በግምት ተቆርጠው ስላልገጠሙ ክፍተቱ በፌሮ ቁራጭ ተሞልቶ ከላይ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ተደርቦበታል። እኔም ስጀምር እንደዛ እሰራ ነበር፣ ያኔ የሰራሁት አንድ ዋይ ፓምፑ በተነሳ በሳምንቱ ተሰንጥቆ የሰው ማሳ ውሃ ሳያገኝ ቀርቷል፣ እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ስለዚህ እንደ አዲስ ከሦስት ቁራጭ ልስራው አልኩ። ለውሃ አካሄድ ጠበብ ያለ አንግል ይሻላል ግን የሳቸው ሁለት መስመር ግራና ቀኝ ተራርቆ ስለሚሄድ ሦስቱንም እኩል 120 ዲግሪ አደረግኩት። የዚህ ደስ የሚለው ነገር ሦስቱም ቁራጭ አንድ አይነት ነው የሚቆረጠው፣ አንድ ፎርማ (የመቁረጫ ልክ) በቃ።

ፎርማውን በአሮጌ ካላንደር ወረቀት ነው የምሰራው፣ ወፍራም ስለሆነ ቱቦው ላይ ሲጠቀለል አይጨማደድም። የ4 ኢንች ቱቦ ውጩ 114.3 ሚሊ ሜትር ነው፣ ዙሪያው 359 ይመጣል፣ እሱን ለ16 ስትከፍለው እያንዳንዱ 22.4 ሚሊ ይሆናል። ከዛ በየመስመሩ ከጫፍ ወደ ውስጥ 0፣ 12.6፣ 23.3፣ 30.5፣ 33 ምልክት ታረጋለህ፣ ከ33 በኋላ በመጣህበት ትመለሳለህ 30.5፣ 23.3፣ 12.6፣ 0፣ እዚህ ግማሹ አለቀ፣ ሌላውም ግማሽ እንደዛው ነው። ነጥቦቹን በእጅህ ለስለስ አርገህ ታገናኝና በመቀስ ትቆርጠዋለህ። ቱቦው ላይ ጠቅልለህ በጠመኔ ስታሰምር ከላይና ከታች ሁለት ሹል፣ በጎንና በጎን ሁለት ጎድጓዳ ይወጣል።

በግራይንደር ስቆርጥ መስመሩን ትንሽ አስተርፌ ነው፣ የቀረውን በሞረድ። ከዛ ጠርዙን ወደ 30 ዲግሪ አጋድሜ እሞርደዋለሁ፣ ካልሆነ ብየዳው ላይ ላዩን ብቻ ይይዝና ውስጡ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ሦስቱን ጠፍጣፋ ላሜራ ላይ አስተኝቼ አገጣጠምኩ። ለክፍተቱ የ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ልባሱን አራግፌ ሽቦውን በቁራጮቹ መሃል እሰካለሁ፣ ዙሪያውን እኩል 2.5 ሚሊ ይሰጥሃል። በየስፌቱ ነጥብ ነጥብ አስያዝኩና ሽቦውን አወጣሁ፣ ብረት ሲሞቅ ስለሚጎትት አንዱን ስፌት በአንዴ አልጨርስም፣ ከዚህ ትንሽ ከዛ ትንሽ እያልኩ በየመሃሉ ላሜራው ላይ አስተኝቼ አያለሁ። ኤሌክትሮዱ 6013 የሚባለው አይነት ባለ 2.5 ሚሊ ነው፣ ማሽኑ ወደ 75 አምፒር ላይ፣ ማታ ማታ መብራት ስለሚወርድ በጠዋት ነው የሰራሁት።

አሁን ዋናው ነገር። ከላይና ከታች ሦስቱ ስፌት አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፣ አብዛኛው በያጅ ኤሌክትሮዱን እዛ ላይ ያቆማል ወይ ከዛ ይነሳል፣ ቀዳዳ የሚቀረውም እዛው ነው፣ መነሻና ማቆሚያ ላይ አየርና ቆሻሻ ታፍኖ ይቀራልና። ከጎን ተነስቼ መገናኛውን ሳላቆም አልፌ ወደሌላኛው ስፌት ሁለት ሴንቲ ያህል ገብቼ ነው የምቆመው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ስፌት ከማምጣቴ በፊት ያቆምኩበትን በግራይንደር አጸዳዋለሁ።

ሳቸው ያመጡት ቱቦ ጥቁር ብረት ስለሆነ ነው እንጂ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ) ቢሆን መጀመሪያ ዚንኩን ከጠርዙ አምስት ሴንቲ ያህል እሞርድ ነበር፣ ደጅ ላይ፣ ንፋሱን ከጀርባዬ አርጌ። ወንድሞች፣ የዚንክ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ወተት ጠጣ የሚባለው አያድንም፣ ጭሱን አለመሳብ ነው።

ፈተናው በጠመኔና በላምባ ነው። ጠመኔ በውሃ በጥብጬ ስፌቱን ከውጭ ቀባሁ፣ ሲደርቅ ከውስጥ ላምባ ቀብቼ ተውኩት። ላምባ ውሃ በማያልፍበት ያልፋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከታች በኩል፣ እዛው መገናኛው ላይ፣ ነጩ ጠመኔ ላይ ምስር የምታክል እርጥብ ነጠብጣብ ወጣች። ሳይ ደነገጥኩ፣ ተጠንቅቄ ነበር እኮ። ላምባውን በሳሙና አጥቤ አድርቄ፣ ከላይ ሳልደርብ እስከ ውስጥ ድረስ ቆፍሬ እንደገና በየድኩት። ሁለተኛው ፈተና ላይ ጠመኔው እንደነጣ ቀረ። ሰውዬው ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ቁጭ ብለው ነበር፣ «ያቺን ነጠብጣብ እኔም ባየኋት ኖሮ ባለፈው» አሉ።

በማግስቱ ደውለው ፓምፑ ተነስቷል ደረቅ ነው አሉኝ። አሁን ጎረቤታቸው ባለ 3 ኢንች ይፈልጋል፣ ውጩ 88.9 ነው፣ ዙሪያው 279፣ አንዱ ክፍል 17.5 ገደማ፣ ምልክቶቹ 0፣ 9.8፣ 18.1፣ 23.7፣ 25.7።