እባክዎ ሠራተኛ ያነጋግሩ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። የፓርኪንግ ትኬትና የባቡር ትኬት አንድ ናቸው። መጠናቸው አንድ ነው። ካርቶናቸው አንድ ነው። ጀርባቸው ላይ ያለችው ቡናማ መስመር እንኳ ያችው ናት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ "የባቡሩ የቱ ነው?" ብትሉኝ መነጽሬን አድርጌ፣ ብርሃን ወዳለበት ዞሬ፣ ትንሽ አስቤ ነው የምመልስላችሁ። በአንድ እጄ ከረጢት ተሸክሜ፣ ከኋላዬ ሕዝብ ተሰልፎ ብትጠይቁኝ ደግሞ ጭራሽ አልመልስላችሁም።

ይህን የምለው ራሴን ለመከላከል አይደለም። እሺ፣ ለመከላከል ነው።

የአጎቴ ልጅ ትልቅ ከተማ ነው የሚኖረው። እኔና ባለቤቴ ልንጠይቀው በመኪና ሄድን። ጠዋት ሄደን ማታ ልንመለስ ነው። በስልክ የሰጠኝ መመሪያ አጭር ነበር፦ "መኪናህን ይዘህ መሃል ከተማ እንዳትገባ። ዳር ላይ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ትልቅ ፓርኪንግ አለ። እዚያ አቁመህ በባቡር ግባ። ቀላል ነው።"

ቀላል ነው የሚለው ሁልጊዜ እዚያው የሚኖር ሰው ነው። እሱ ካርዱን ከኪሱ እንኳ ሳያወጣ በሩን በጎኑ ታከክ አድርጎ የሚያልፍ ሰው ነው። ባቡሩ ሲመጣ የትኛው በር የት ጋ እንደሚቆም አውቆ ቀድሞ የሚቆም ሰው ነው። ቀላል የሆነው ለእሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር መሃሉንም ሞክረነው ነበር። "አንድ ቦታ አይጠፋም፣ እንሞክረው" ያለችው ባለቤቴ ናት። እሷ ደግሞ "አንተ ነህ ያልከው" ትላለች። የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ እሷ ናት።

ቦታ የለም አይባልም። አለ። ግን ቦታ ባለበት ሁሉ ምሰሶ ቆሟል፤ ምሰሶው ላይ ታፔላ በታፔላ ተደርድሯል። ከላይ "ማቆም ይቻላል" ይላል። ከሥሩ "ለነዋሪዎች ብቻ"። ከዚያ ሥር "ከማክሰኞ በስተቀር"። ከዚያ ሥር ቀስት አለ። ቀስቱ የሚያመለክተው ወደ ሰማይ ነው። አንብበን ሳንጨርስ ከኋላ ያለው ሾፌር ክላክሱን ይለቀዋል። ምሰሶ የሌለበት ባዶ ቦታ አየሁ ብዬ ፍሬቻ አሳይቼ ስጠጋ ደግሞ፣ አንዲት ሚጢጢ መኪና ከትልቁ ጀርባ ተሸሽጋ ቆማለች። እነዚህ መኪኖች ሆን ብለው ነው የሚያደርጉት።

ዶናልድ ሹፕ የሚባሉ የሎስ አንጀለስ ፕሮፌሰር ነበሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት ፓርኪንግን በማጥናት ነው። ዩኒቨርሲቲያቸው አጠገብ ዌስትውድ ቪሌጅ የሚባል፣ 15 ብሎክ ያህል የሚሆን ሰፈር አለ። እዚያ ሾፌሮች ማቆሚያ ፍለጋ ብቻ የሚዞሩት በዓመት 950,000 ማይል እንደሆነ አስልተዋል። ወደ ኪሎ ሜትር ሲቀየር አንድ ሚሊዮን ተኩል ነው። ጨረቃ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጨረቃ ላይ ማቆሚያ ሞልቷል።

ይህን አኃዝ ለባለቤቴ ስነግራት እየዞርን ነበር። "ታዲያ የኛ ስንት ሆነ?" አለች። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ነዳሁ።

ሌላው የሚያናድደኝ ክፍያው ነው። የመጀመሪያው የፓርኪንግ ሜትር፣ ማለትም የማቆሚያ ሒሳብ የሚቀበለው ማሽን፣ የተተከለው ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ሐሳቡን ያመጡት ካርል ማጊ የሚባሉ የጋዜጣ ሰው ናቸው። እንደ ጽሑፍ ሰው በጣም አፍሬያለሁ። ግን እሳቸውም ቢሆኑ የጠየቁት ሳንቲም ብቻ ነው። ሳንቲሟን ትከታለህ፣ ትሄዳለህ። አሁን ግን አንዷ ባዶ ቦታ ላይ በስንት መከራ ከገባሁ በኋላ ማሽኑ አፕ አውርድ አለኝ። አወረድኩ። ኢሜይል አለኝ። ሰጠሁት። የይለፍ ቃል አለኝ። ሰጠሁት። "የይለፍ ቃልዎ ደካማ ነው" አለኝ። መኪና ላቆም ነው እኮ፣ ባንክ ልከፍት አይደለም! ጠንከር ያለ ሳስገባ ደግሞ "ይህ ቦታ የሚያገለግለው ለዕቃ ማውረጃ ነው" አለ። ይህን መጀመሪያ ቢናገር ምን ነበረበት? ያ አፕ እስከ ዛሬ በየሳምንቱ መልካም ቅዳሜና እሁድ ይመኝልኛል።

በመጨረሻ የአጎቴ ልጅ ያለው ቦታ ሄድን። መግቢያው ላይ ቁልፍ ተጫንኩ፣ ትኬት ወጣ፣ አግዳሚው ተነሳ። ቦታ እንደልብ ነው። አቆምኩ። "ትኬቱን እንዳትጥለው" አለችኝ ባለቤቴ። አልጣልኩትም። ይሄ መታወቅ አለበት፤ ጨርሶ አልጣልኩትም። ጣቢያ ገባን፣ የባቡር ትኬት ከማሽን ገዛሁ፣ የእሷን ሰጠኋት፣ እሷ ቀድማ ትኬት እየተቀበለ የሚያሳልፈው አውቶማቲክ በር ውስጥ አስገብታ አለፈች። እኔም አስገባሁ።

በሩ ዋጠው። የሌላውን ሰው ትኬት በዚህ በኩል ጎርሶ በዚያ በኩል ይመልሳል። የእኔን ዋጠና ጸጥ አለ። አንድ ቀይ መብራት በራ። ከዚያ አንዲት ሴት ተናገረች፦

"እባክዎ ሠራተኛ ያነጋግሩ።"

እስኪ ስለዚህች ሴት ላውራ። የማሽን ጩኸት ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ጢጥ ቢል፣ ቢያንባርቅ፣ ቢሰድበኝ እንኳ እችለው ነበር። ይሄ ግን የሰው ድምፅ ነው። የተረጋጋ ነው። "እባክዎ" ላይ ትንሽ ቆም ትላለች። "ሠራተኛ" የምትለውን ግራ ቀኝ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ጥርት አድርጋ ትለዋለች። "ያነጋግሩ" ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ወደ ታች ይወርዳል። አዝናልኛለች። መርዶ ነጋሪ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም። በዚያ ላይ አንድ ጊዜ ተናግራ አትተውም። ትንሽ ታሳስብህና ትደግመዋለች።

"እባክዎ ሠራተኛ ያነጋግሩ።"

ይህች ሴት የሆነ ቦታ አለች። አንድ ቀን ጠዋት ተነስታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ስቱዲዮ ሄዳለች። ማይክ ፊት አስቀምጠዋታል። ወረቀት ሰጥተዋታል። አንብባለች። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ ራሱን ነቅንቆ "ጥሩ ነው፤ ግን ድምፅሽ ውስጥ ተስፋ አለ። እሱን አውጪው" ብሏታል። ደግማ አንብባለች። "አሁን ደግሞ ተቆጣሽ። አትቆጪው። ታዘቢው ብቻ" ብሏታል። ታዘበችኝ። "በቃ! እሱ ነው!" ብሎ ከመቀመጫው ተነስቷል። እሷም ገንዘቧን ተቀብላ ቤቷ ገብታለች። ልጇ የሒሳብ የቤት ሥራ ይዞ ሲመጣባት ምን እንደምትለው አውቃለሁ። ባሏ መጀመሪያ ፍቅሩን የገለጸላት ቀን ምን ብላ እንደመለሰችለትም አውቃለሁ። ምስኪኑ አሁንም ሠራተኛ እየፈለገ ይሆናል።

ወደ በሩ ልመለስ። ከኋላዬ የነበረው ሰልፍ ቃል ሳይተነፍስ፣ ማንም ሳያዘው፣ አንድ ላይ ወደ ጎን ታጠፈ። ይሄ ሕዝብ ተለማምዶታል። ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ እመልስ ነበር። አንድ ትንሽ ልጅ ብቻ ከእናቱ ጋር ሲያልፍ ቀና ብሎ አየኝና፦

"ጋሼ፣ የባቡሩ እኮ እጅዎ ላይ ነው" አለኝ።

አየሁት። እጄ ላይ ነው። እናቱ "ዝም በል አንተ" አለችና ፊቷን አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ልጁ ግን አልሳቀም። ከልቡ ነው የመከረኝ። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ የእናቱ ሳቅ አይደለም። የልጁ አስተያየት ነው። ረዳኝ እኮ!

ባለቤቴ ወዲያ ማዶ ቆማለች። አልጠራችኝም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ በጥሞና ታነባለች። ጥርሷን ምንም አሟት አያውቅም።

ሠራተኛው መጣ። ትሁት ሰው ነው።

"ጌታዬ፣ ምን አስገቡ?"

"ትኬት።"

"የምን ትኬት?"

ጥያቄው አስፈላጊ አልመሰለኝም። ትኬት ትኬት ነው። እንዲመልስልኝ ጠየቅኩት። ሣጥኑ የሚከፈተው ማታ፣ አገልግሎት ካበቃ በኋላ ነው አለኝ። ቁልፉም እሱ ዘንድ አይደለም። በጎን ያለውን ሰፊውን በር ከፍቶ አሳለፈኝ፤ ጋሪና ሕፃን የሚያልፍበትን። ሳልፍ ሴትዮዋ ከኋላዬ አንድ ጊዜ ደገመችው።

ስለ ጉብኝቱ ብዙ የምለው የለኝም። ጥሩ ነበር። የአጎቴ ልጅ ታሪኩን ከባለቤቴ ነው የሰማው፤ እኔ ለእናንተ ከነገርኳችሁ ይልቅ ረጅም ነበር። ስቆ ስቆ ሲያበቃ "ባንክ ካርድህን በሩ ላይ ብታስነካው ያልፍልህ ነበር፤ ትኬት መግዛት ለምን አስፈለገህ?" አለኝ። ይህን በስልክ አልነገረኝም። በስልክ የነገረኝ ቀላል ነው ብሎ ነው። ከዚያ መኪና ከተማ ላይ ስለሚፈጥረው ችግር ትምህርት ጀመረ። ለንደን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ መሃል ከተማ በመኪና የሚገባን ታስከፍላለች አለኝ። አውቃለሁ። እኔም መኪናዬን ዳር አቁሜያለሁ። የከተማውን ፍላጎት በሙሉ አሟልቻለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

እኔም ለእሱ የምለው ነበረኝ። በርሊን የምድር ባቡር ጣቢያ ብትገባ በር የለም። ትኬትህን ትይዛለህ፣ ትወርዳለህ፣ ተቆጣጣሪ ከመጣ ታሳያለህ። ሰውን ማመን ይባላል። ሉክሰምበርግ ደግሞ ከነጭራሹ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከአንደኛ ማዕረግ ባቡር በቀር በመላ አገሪቱ የሕዝብ ትራንስፖርትን ነጻ አድርጋለች። ትኬት የለም፤ ስለዚህ የተሳሳተ ትኬት የለም፤ ስለዚህ ሴትዮዋ የለችም። የሰለጠነ አገር ማለት ይሄ ነው። የአጎቴ ልጅ "ስለዚህ ሉክሰምበርግ ሂዳ" አለኝ። እንግዳ እንዲህ አይባልም።

ማታ ተመልሰን መኪናው ውስጥ ገባን። መውጫው ላይ ደረስን። ማሽኑ ትኬት ጠየቀኝ። የባቡሩን ትኬት አስገባሁለት። አውቄ ነው። ያንኛው የዚህን ከበላ ይሄኛው የዚያን ቢበላ ምን አለበት ብዬ ነው። ተፋው። ከዚያ ድምፅ መጣ።

"እባክዎ ሠራተኛ ያነጋግሩ።"

ራሷ ናት! "እባክዎ" ላይ ቆም፣ "ሠራተኛ" ላይ ጥርት፣ "ያነጋግሩ" ላይ ዝቅ። ባለቤቴ እንኳ ቀና አለች። የእርዳታ ቁልፉን ተጫንኩ። በድምፅ ማጉያው አንድ እንቅልፍ የተጫነው ሰው መጣ። ትኬት የጠፋበት ደንበኛ የሙሉ ቀን ከፍተኛውን ሒሳብ ይከፍላል አለኝ።

"አልጠፋብኝም" አልኩት። "የት እንዳለ በደንብ አውቃለሁ። እዚህ ማዶ፣ በራችሁ ውስጥ ነው ያለው።"

"ያ በር የኛ አይደለም ጌታዬ። የባቡሩ ነው።"

"ሴትዮዋስ?"

"የቷ ሴትዮ?"

እንግዲህ ተመልከቱ። ፓርኪንጉና ባቡር ጣቢያው በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ። አንዱ የሌላውን ትኬት አያውቅም፣ አንዱ የሌላውን ቁልፍ አይዝም፣ አንዱ ለሌላው ስልክ አይደውልም። ሰውን ማሳፈር ላይ ሲሆን ግን አንዲት ሴት ለሁለት ቀጥረዋል።

ከኋላችን የመኪና ሰልፍ ተፈጥሯል። እዚህ ወደ ጎን መታጠፍ አይቻልም። ከፈልኩ። የሙሉ ቀኑን። አግዳሚው ሲነሳ ባለቤቴ ራዲዮ ከፈተች፤ እስከ ቤት ድረስ አልተነጋገርንም፣ እሷ ብቻዋን አልፎ አልፎ ሳቅ እያመለጣት።

ቤት ገብቼ ግን ዝም አላልኩም። የፓርኪንጉ ድረ ገጽ ላይ የቅሬታ ቅጽ አለ። "ትኬትዎ ጠፍቶ ከመጠን በላይ ከፍለዋል? ገንዘብዎን እንመልሳለን" ይላል። ስሜን ሞላሁ። የሰሌዳ ቁጥሬን ሞላሁ። የሆነውን ሁሉ ከነሴትዮዋ፣ ከነልጁ፣ ከነሣጥኑ አብራርቼ ጻፍኩ። ለቅሬታ የተፈቀደው የፊደል ብዛት አለቀብኝና ልጁን አወጣሁት። መጨረሻ ላይ አንድ ቀይ ኮከብ ያለበት ሳጥን ቀረ። ሳይሞላ አይላክም። "የጠፋውን ትኬት ቁጥር ያስገቡ" ይላል።

የልደት ቀኔን አስገባሁበት። ተቀበለው። መልስ እየጠበቅኩ ነው።