ስድስት ወር ዘግይቼ የተከልኩት ነጭ ሽንኩርት

እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው በኦክቶበር ነው። ፍልቃቂው አፈር ውስጥ ገብቶ ትንሽ ሥር ይሰድዳል፣ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ሥር ይተኛል፣ ኤፕሪል ላይ ከማንም ቀድሞ ብቅ ይላል። ይህን አውቅ ነበር። አውቄም በኤፕሪል መጨረሻ ተከልኩ።

ስፕሪንግ እያልኩ የምጽፈው ጸደይ የሚለው ቃል ጠፍቶኝ አይደለም። እኛ ጋ ጸደይ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው መስከረምና አደይ አበባ ነው። የእኔ ታሪክ ደግሞ በረዶ ያለበት ኤፕሪል ነው። ስለዚህ ስፕሪንግ ይሁን።

እ.ኤ.አ. በ2017 ሴፕቴምበር ላይ ከሴንት ፖል የገበሬዎች ገበያ አሥር ራስ ነጭ ሽንኩርት ለዘር ገዛሁ። ዝርያው ሚዩዚክ ይባላል። ከሙዚቃ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም፣ ካናዳ ውስጥ ያስፋፋው ገበሬ የአባት ስም ነው። መሃሉ ላይ ጠንካራ አገዳ ያለው፣ እዚህ ሃርድኔክ የሚሉት ዓይነት ነው። አንዱ ራስ ከአራት እስከ ስድስት ፍልቃቂ ብቻ አለው፣ ግን ፍልቃቂው የአውራ ጣት ያህላል። የአበሻውን ነጭ ሽንኩርት በጥፍሩ ሲልጥ ላደገ ሰው ይህ ቅንጦት ነው።

ኦክቶበር ላይ፣ መሬቱን አዘጋጅቼ ልተክል ስል፣ የአባቴ መርዶ መጣ። ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ተዝካሩን አውጥቼ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ እናቴን ይዤ ተመለስኩ። ቪዛዋ ቀድሞ የተያዘ ነበር። ነጭ ሽንኩርቱ ኩሽና ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ፣ እንደሰቀልኩት አገኘሁት። መሬቱ ደግሞ አካፋ ሲያርፍበት ድንጋይ እንደመቱት ይጮኻል።

በቃ፣ እንብላው ብዬ ነበር። እናቴ ናት ያላስበላችኝ። «ዘር ብለህ የገዛኸውን? ስፕሪንግ ያልከው ሲመጣ ትተክለዋለህ» አለች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ እናቴ ውርጭ ምን እንደሆነ የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም። እነሱ ግን ነጭ ሽንኩርት የሚተክሉት ክረምቱ ሲገባ በዝናብ ነው። እዚያ መዘግየት ማለት ዝናብ ማጣት ነው። እዚህ መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም የገባን ዘግይቶ ነው።

ሳነብና ስጠይቅ የደረስኩበት ይህ ነው። ነጭ ሽንኩርት ራስ ለመቋጠር ሁለት ነገር ይጠብቃል። አንደኛው ብርድ ነው። ፍልቃቂው ለተወሰኑ ሳምንታት ብርድ ካልቀመሰ ወደ ፍልቃቂ መከፋፈሉን ይረሳዋል። ሁለተኛው የቀኑ መርዘም ነው። ቀኑ ሲረዝምና አፈሩ ሲሞቅ ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ራሱን ማወፈር ይጀምራል። ያኔ ተክሉ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ቀኑ አይጠብቀውም። እኛ ያለንበት ሴንት ፖል ጁን ላይ ፀሐይ ከ15 ሰዓት ተኩል በላይ ትቆያለች። ደብረ ብርሃን ረጅም የሚባለው ቀን 13 ሰዓት እንኳን አይሞላም።

ብርዱን ፍሪጅ ሊሰጠው ይችላል። አራት ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት። ስለዚህ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ስድስቱን ራስ በወረቀት ከረጢት አድርጌ አትክልት መሳቢያው ውስጥ ከተትኩ። አራቱ ኩሽና ውስጥ እንደተሰቀሉ ቀሩ። ለሙከራ ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ፍሪጁ በእናቴ በርበሬና ቅቤ ተይዞ ቦታ አለመኖሩ ነው።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ማታ ከሥራ ስገባ ቤቱ በሽሮ ሽታ ታውዷል። እንደዚያ ዓይነት ሽሮ ከልጅነቴ ወዲህ አልበላሁም። ሁለተኛውን እንጀራ ስጨምር ነው ጥርጣሬ የገባኝ።

«እማዬ፣ ከፍሪጁ ነጭ ሽንኩርት ወሰድሽ እንዴ?»

«አዎ። ሊበቅል ነው'ኮ፣ ሳይበላሽ ብዬ ነው።»

«እንዲበቅል ነው ያስቀመጥኩት!»

«ፍሪጅ ውስጥ?»

ምን ይባላል? ከረጢቱ ላይ በእንግሊዝኛ ጽፌ ነበር። የሥራ ቦታ ልማድ ነው። ከስድስቱ ራስ ሁለቱ ሽሮ ሆነዋል። ሽሮው ግን ያስቆጫል የሚባል አልነበረም።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 8 ዋለ። በማግስቱ ሳምንት፣ ከ13 እስከ 15 ባለው፣ 15 ኢንች ገደማ በረዶ ወረደ። በሚያዝያ! እናቴ መስኮቱ ሥር ቆማ አንድ ቃል አልተናገረችም። ስምንት ሳምንት ያልኩት የፍሪጅ ቆይታ አሥራ ሁለት ሆነ። ፍልቃቂዎቹ ከረጢቱ ውስጥ አረንጓዴ ጫፍ አወጡ፣ ከሥራቸውም ነጭ ክር መሰል ሥር ጀመሩ።

ቅዳሜ ኤፕሪል 28፣ 2018 ተከልን። ቦታው ለሰፈሩ ሰው በቁራሽ የሚከራይ የጋራ አትክልት ቦታ ነው። ሦስት መስመር አወጣሁ። በአንደኛው ከፍሪጅ የወጡት 20 ፍልቃቂዎች ገቡ። በሁለተኛው ኩሽና ውስጥ የከረሙት፤ ከነሱ ሦስቱ ባዶ ቅርፊት ሆነው ስለተገኙ 16 ቀሩ። ሦስተኛውን መስመር ለመሙላት ከሱፐርማርኬት ሦስት ራስ ገዛሁ፣ ያን አንገቱ ለስላሳ የሆነውን፣ ብዙ ቀጫጭን ፍልቃቂ ያለውን። ከእሱ 30 መርጬ ተከልኩ።

ፍልቃቂው አይላጥም። ሾጣጣው ጫፍ ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋው ወደ ታች። በመካከላቸው አንድ ስንዝር ያህል ተውኩ። ለኦክቶበር ተከላ ጠለቅ ይደረጋል፣ ለስፕሪንግ ግን አምስት ሴንቲ ይበቃል፤ ከብርድ የሚሸሸግበት ምክንያት የለውም። ፍሪጅ ውስጥ ሥር የጀመሩትን እናቴ ናት የተከለችው። እኔ ስጫን ሥሩን እሰብረው ነበር። እሷ በጣቷ ጉድጓድ ከፍታ እንደ ሕፃን አስተኛቻቸው።

ከአጠገባችን ያለው ቁራሽ የአንዲት አዛውንት የህሞንግ እናት ነው፤ ህሞንጎች ከላኦስና ከአካባቢው የመጡ ሕዝብ ናቸው። በሴንት ፖል ገበያ ከሚሸጡት ገበሬዎች ብዙዎቹ ህሞንጎች ናቸው፤ እኚህ ግን ለጓዳቸው ነው የሚያለሙት። ነጭ ሽንኩርታቸውን ኦክቶበር ላይ ተክለው ጭድ አልብሰውታል። እኛ ጉድጓድ ስንከፍት የእሳቸው ከጭዱ በላይ ጣት ያህል ወጥቶ አረንጓዴ ሆኗል። መጥተው የእኛን አዩ። ከዚያ እናቴን አዩ። ሁለቱም እንግሊዝኛ አያውቁም። ራሳቸውን ነቀነቁና በእጃቸው የበረዶ መውረድ አሳዩን፤ ከዚያ በፊት ነበር ማለታቸው ነው። እናቴም በእጇ «ምን ይደረግ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው።

ሜይ ቸኮለ። በዚያው ወር 28፣ ሜሞሪያል ዴይ በሚባለው የአሜሪካ በዓል ዕለት፣ ሙቀቱ 100 ፋራናይት ገባ፤ በሴንቲግሬድ 38 ገደማ ነው። ከበረዶው ወዲህ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው ያለፈው። ነጭ ሽንኩርት የሚወደው ቀዝቃዛ ስፕሪንግ ነው፤ ቅጠል የሚያወጣው ያኔ ነው። ጭድ ያለበስኩት በዚያ ሳምንት ነው። ቀድሜ ባለብሰው አፈሩ ሳይሞቅ ይዘገይ ነበር፣ ባላለብሰው ደግሞ ይጠበስ ነበር። ይሄኛውን በደንብ አድርጌዋለሁ። አረሙን ግን አልቻልኩበትም። የነጭ ሽንኩርት ቅጠል ቀጭን ስለሆነ መሬቱን አያጠላም፣ አረም እንደ ልቡ ነው። ሁለት ሳምንት ትርፍ ሥራ ገብቼ ስመለስ ሦስተኛውን መስመር ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

ፍግ ላይም ስሕተት ሠራሁ። የዶሮ ፍግ የሰጠሁት ጁን አጋማሽ ላይ ነው፣ ተክሉ ቅጠል ማውጣቱን ሊያቆም ሲል። መስጠት የነበረብኝ ልክ እንደበቀለ ነበር። ዘግይቶ የተተከለ ተክል ምግቡም ከዘገየበት በሁለት በኩል ተጎዳ ማለት ነው።

ጁን መጨረሻ ላይ ጎረቤታችን የአበባ ዘንጎቹን ቆርጠው አንድ እቅፍ ለእናቴ ሰጧት። ሃርድኔክ የሚባለው ዓይነት መሃሉ ላይ እንደ ጥያቄ ምልክት የተጠቀለለ ዘንግ ያወጣል፤ ራሱ እንዲወፍር ይቆረጣል፣ ይበላልም። እናቴ ከትፋ ምስር ወጥ ውስጥ ጨመረችው። ከእኛ መስመር ዘንግ ያወጡት አምስት ብቻ ናቸው፣ እነሱም የፍሪጆቹ። በዚያ ቀን ቁጭ ብዬ ቅጠል ቆጠርኩ። የእሳቸው ዘጠኝ፣ አሥር ቅጠል አለው። የእኛ የፍሪጅ ስድስት፣ የኩሽናው አምስት። አንዱ ቅጠል ታች ወርዶ የነጭ ሽንኩርቱ ራስ አንድ ሽፋን ይሆናል። ስለዚህ ሳልነቅል ውጤቱን አወቅኩት።

እሳቸው ጁላይ አጋማሽ ነቀሉ። እኛ ኦገስት 11። የታችኛው ቅጠል ግማሽ ያህሉ ሲደርቅ ነው የሚነቀለው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ውኃ አቁሜ ነበር።

መጀመሪያ የነቀልኩት ከኩሽናው መስመር ነው። በእጄ ላይ ከብይ ትንሽ ተለቅ ያለች፣ ክብ፣ ነጭ ነገር ወጣች። ፍልቃቂ የላትም። እንደ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት ድፍን ናት። ሁለተኛውን ነቀልኩ፣ ያው። ከበቀሉት 14 ውስጥ 11ዱ እንደዚያ ድፍን ሆኑ።

«ምንድን ነው የተከልከው?» አለች እናቴ።

አንዷን በጭድ ጠርጋ በጥፍሯ ላጠቻት። አንድ ቅርፊት፣ አለቀ። ነከስ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። «ነጭ ሽንኩርት ነው» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «አንድ ጊዜ ልጦ መገላገል! ይሄ ነው እንጂ!»

ብርድ ያላየ ፍልቃቂ የሚያደርገው ይህንን ነው። ከፍሪጅ የወጡት ግን ተከፋፍለዋል፤ ሦስትም አራትም ፍልቃቂ ያለው ራስ ሰጡኝ። በኩሽና ሚዛን ስመዝናቸው አንዱ በአማካይ 28 ግራም መጣ። ጎረቤታችን ከሰጡን አንዱ 65 ግራም ነበር፣ ያው ሚዩዚክ የሚመስል ዓይነት ሆኖ። ፍሪጁ ብርዱን ሰጥቶልኛል። ያመለጡትን የቅጠል ሳምንታት ግን ከየት ያመጣልኛል? የሱፐርማርኬቱ ከ30 ውስጥ 19 ነበር የበቀለው፣ አንዳንዱ ፍልቃቂ ከባቄላ አይበልጥም። አረሙን ያየ ሰው ግን በዘሩ ብቻ አይፈርድም።

ስናደርቀው ትንሽ ተጣላን። እናቴ እንደ አገር ቤት ፀሐይ ላይ ይሰጣ አለች። እኔ ጋራዥ ውስጥ፣ ጥላ ላይ፣ ከነቅጠሉ ይሰቀል አልኩ። እርጥብ ነጭ ሽንኩርት የኦገስት ፀሐይ ካገኘው ይበስላል። ሦስት ሳምንት ተሰቅሎ ደረቀ። እሷም ሁለቱን ከኋላ በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመታቻቸው። አልነገረችኝም፣ እኔም አላነሳሁባትም።

የጓደኞቼ ጥያቄ «ለምን ከአገር ቤት ዘር አላመጣህም?» ነው። ሽታው ይናፍቀኛል፣ አይካድም። ግን በእኛ ደጋ ነጭ ሽንኩርትን ከሥሩ በነጭ ሻጋታ የሚያበሰብስ በሽታ አለ። አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። በጋራ መሬት ላይ፣ ከእኚያ እናት ቁራሽ አጠገብ፣ እንደዚያ ያለ ዕዳ አላመጣም።

ድፍኖቹን አልበላናቸውም። ማለቴ፣ አራቱን እናቴ በላች። ሰባቱን ኦክቶበር 2018 ላይ እንደ ፍልቃቂ ተከልኳቸው፣ በዚህ ጊዜ በሰዓቱ። በረዶ ሥር ከረሙ። በሚቀጥለው ጁላይ ሰባቱም በደንብ የተከፋፈለ፣ ሙሉ ራስ ሆነው ወጡ። ስለዚህ ስፕሪንግ ላይ ተክሎ ድፍን ያገኘ ሰው አይጣለው፤ ዘር ነው በእጁ ያለው።

አሁን ዋናውን ኦክቶበር ላይ እተክላለሁ፣ ከመጀመሪያው ጠንካራ ውርጭ በኋላ። ግን አንድ መስመር ሁልጊዜ ለስፕሪንግ አስቀራለሁ። ራሱን ጠብቄ አይደለም፤ ጁን ላይ ለጋ ሆኖ ከነቅጠሉ ተነቅሎ እንቁላል ውስጥ ሲከተፍ የሚስተካከለው ስለሌለ ነው። ለዚህ ለስላሳ አንገቱ ዓይነት ይሻላል፣ ዘሩንም ከገበሬ እንጂ ከሱፐርማርኬት አልገዛም። ጃንዋሪ መጨረሻ ፍሪጅ ይገባል፣ አካፋ መሬት ውስጥ በገባ ቀን ይተከላል። ከዚያ በኋላ በረዶ ቢወርድበትም ግድ የለውም።

ከረጢቱ ላይ አሁን በትልልቅ አማርኛ «ዘር ነው፣ አይነካ» ብዬ እጽፋለሁ። ባለፈው ሁዳዴ ከሥሩ በእስክሪብቶ አንድ ነገር ተጨምሮበት አገኘሁ፤ የእናቴ ጽሑፍ ነው፦ «አንድ ራስ ብቻ ነው የወሰድኩት።»