የሳንባ ደም ስር ግፊት እያለብኝ ስፖርት እንዴት እንደጀመርኩ፣ ሬሃ (የማገገሚያ ህክምና) ለማስፈቀድ ካየሁት መከራ ጋር

ይሄን የምፅፈው በተለይ ጀርመን ላላችሁ ሀበሾች ነው፣ ዶክተር "ፐልሞናሪ ሃይፐርቴንሽን" ብሏችሁ ፈርታችሁ ቤት ለተቀመጣችሁ። እኔ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። ያኔ አንድ ሰው ስለ ስፖርቱና ስለ ወረቀቱ ጣጣ ቢነግረኝ ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ ሶፋ ላይ አላሳልፍም ነበር።

ክንድ ላይ የሚለካው ግፊት አይደለም ይሄ። የክንዴ እንደውም ዝቅ ያለ ነው። ከቀኝ ልብ ወደ ሳንባ ደም የሚወስዱት ደም ስሮች ግድግዳቸው እየወፈረ ይጠብባል፣ የቀኙ ልብ በዛ ጥበት ደም ለመግፋት ሲታገል ይለጠጥና ይደክማል፣ ሰውየው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አንዳንዱም ራሱን ስቶ ይወድቃል። የሚረጋገጠው ቀጭን ቱቦ በደም ስር እስከ ልብ አስገብተው ሲለኩ ነው፣ በእረፍት ላይ አማካዩ ከ20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ ከሆነ ከፍ ብሏል ይባላል። ተለካሁ፣ ታዳላፊልና ማሲቴንታን የሚባሉ መድሃኒቶች ተጀመሩልኝ፣ እሱን አላስረዝመውም።

ከዛ በኋላ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ምክሩ እረፍት ነው። እናቴ በስልክ "ልጄ፣ ጋደም በይ፣ ምንም እንዳትነኪ" ትለኛለች፣ የሰፈር ሀኪሜም ከዛ ብዙ የተለየ አላለኝም። አልፈርድባቸውም፣ ህክምናው ራሱ ለረጅም ጊዜ እንደዛ ነበር የሚያስበው፣ ስፖርት የህመምተኛው ልብ ላይ ጫና ይጨምራል ተብሎ። ያንን የቀየረው ደግሞ ከኔ ቤት በባቡር አንድ ሰአት ገደማ የሚርቀው ሃይደልበርግ ላይ የተሰራ ጥናት ነው፣ እና እኔ እዚሁ አጠገቡ ተኝቼ አላውቅም ነበር! የነገረኝ የሳንባ ግፊት ክሊኒክ ያለው ዶክተሬ ነው፣ መድሃኒቱ ሰውነቴን ካረጋጋው በኋላ። "አሁን ልምምድ ያስፈልግሻል፣ መጀመሪያውን ግን ክሊኒክ ተኝተሽ፣ ሀኪም ባለበት" አለኝና የሬሃውን ፎርም ሞልቶ ወደ ክራንከንካሰዬ፣ ወደ ጤና ኢንሹራንሴ ማለት ነው፣ ላከው።

እና የኢንሹራንሱ መልስ መጣ። ሁለት ገፅ ደብዳቤ፣ ፍሬ ነገሩ ግን አንድ አረፍተ ነገር፣ "በመኖሪያ አካባቢዎ የሚሰጠው ተመላላሽ ህክምና በቂ ነው"። ሰፈር ፊዚዮቴራፒ ሂጂ፣ የሳንባ ስፖርት ቡድን ግቢ ማለታቸው ነው። ይሄን የወሰነው ሰው አይቶኝ አያውቅም፣ ፋይል አገላብጦ ነው የፈረደው። ስደውል ያነሳችው ሴትዮ በጣም በትህትና "ግፊት ያለበት ሰው እኮ ብዙ ነው፣ በቀን ትንሽ ወክ ቢያደርጉ ጥሩ ነው" አለችኝ። ይሄ ግፊት ያ አይደለም ብዬ ላስረዳ ስሞክር ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነው የማወራው፣ እሷ ደግሞ "ከፈለጉ አዲስ ማመልከቻ ያስገቡ" ብላ ዘጋችው። እስከዛሬ ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። በሽታውን የማያውቅ ሰው ስለ በሽታው እንዲወስን ማን ነው የፈቀደለት?

አዲስ ማመልከቻ እንዳታስገቡ። ስልክ ላይ የሚሰጣችሁ ምክር ይሄ ከሆነ አትስሙት። አዲስ ማመልከቻ ማለት የመቃወሚያ መብታችሁን ትታችሁ ከዜሮ መጀመር ነው። ማድረግ ያለባችሁ ዊደርሽፕሩኽ ነው፣ ተቃውሞ፣ ለዛ ያላችሁ ጊዜ ደብዳቤው ከደረሳችሁ ጀምሮ አንድ ወር ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ረጅምና ያማረ ደብዳቤ ለመፃፍ ሲጠብቅ ወሩ ማለቁ ላይ ነው። መጀመሪያ አንድ መስመር በቂ ነው፣ ውሳኔውን እቃወማለሁ፣ ምክንያቱን በሌላ ደብዳቤ እልካለሁ፣ ፋይሌን ያየውን ባለሙያ ግምገማ ኮፒ ላኩልኝ፣ ፊርማ። በአደራ ፖስታ ላኩት፣ ደረሰኙን ያዙ። የሰው ጀርመንኛ እየለመናችሁ አትሳቀቁ፣ ፋው ዴ ካ (VdK) የሚባለው ማህበር አባል ከሆናችሁ ወረቀቱን ተከታትለው ይፅፉላችኋል፣ እኔን የረዱኝ እነሱ ናቸው።

ግምገማው ሲመጣ አየሁት፣ የሳንባ ግፊቴ መጠን እንኳን አልተጠቀሰም። ምክንያቱን ከዶክተሬ ጋር ሆነን የፃፍነው ያኔ ነው፣ እና በቁጥር ነው የፃፍነው። በፈረንጆቹ 2006 የወጣው የሃይደልበርግ ጥናት 30 ህመምተኞች ነበሩት፣ 15 ሳምንት፣ 3ቱ ክሊኒክ ተኝተው 12ቱ ቤታቸው። የሰለጠኑት በ6 ደቂቃ የሚራመዱት ርቀት በአማካይ በ96 ሜትር ጨመረ፣ ያልሰለጠኑት ደግሞ ወደኋላ ተመለሱ። 2021 ላይ በ10 የአውሮፓ ሀገሮች ሲደገም ልዩነቱ 34 ሜትር ገደማ ሆነ፣ አነሰ ግን ሰራ። 2022 ላይ የወጣው የአውሮፓ የልብና የሳንባ ሀኪሞች መመሪያ ደግሞ መድሃኒት ላይ ላሉ ህመምተኞች ክትትል ያለው ልምምድ ይመከራል ብሎ ቁጭ አድርጎታል። ክትትል ያለው፣ ይሄን ቃል አሰመርንበት። የሰፈር የሳንባ ስፖርት ቡድን በብዛት አስምና የቆየ ብሮንካይትስ ላለባቸው ነው፣ ትንፋሽ ቢያጥርም በርቱ ይባላል፣ እኛ ጋ ግን በርቱ ያለን ሰው መሬት ላይ ሊያገኘን ይችላል።

ከዛ ዝምታ። ጠበቅን፣ ምንም። ተቃውሞ አስገብታችሁ 3 ወር ሙሉ በቂ ምክንያት ሳይኖራቸው ካልመለሱላችሁ ማህበራዊ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል፣ ለፍርድ ቤቱ አይከፈልም። ማህበሩ ይሄንን የሚያስታውስ ደብዳቤ ሲልክ ወዲያው ፀደቀ። ይቅርታ የሚል ቃል የለም፣ በቀን 10 ዩሮ የራሴን ድርሻ እንድከፍል የሚል ፎርም ብቻ። በዛ ሁሉ ወራት ጡንቻዬ ምን ያህል እንደሟሸሸ የሚጠይቅ የለም።

ክሊኒኩ ግን ሌላ አለም ነው። መጀመሪያ ለኩኝ፣ ጭምብል አድርጌ ሳይክል ላይ፣ ከዛ ኮሪደር ላይ የ6 ደቂቃ እርምጃ። ልምምዱ ሲጀመር 10 ዋት ላይ ነው ያስቀመጡኝ፣ ፔዳሉ ባዶ ነው የሚመስለው፣ ግማሽ ደቂቃ ቀለል፣ አንድ ደቂቃ ከፍ፣ እንደገና ቀለል። ፊዚዮዋ አጠገቤ ቆማ ስክሪኑን ትታ ከንፈሬን ነው የምታየው፣ ከለሩ ሲቀየር "በቃ፣ ቀስ" ትለኛለች። ለኔ የተቀመጠው ጣራ የልብ ምት 120 ነበር፣ የደሜ ኦክስጅን ከ90 በመቶ ሲወርድ ደግሞ ማቆም። በእጅ የሚነሳው ክብደት ግማሽ ኪሎ፣ ሲነሳ መተንፈስ፣ ትንፋሽ መያዝ በፍፁም ክልክል። አጠገቤ የነበሩት እናት 40 ዋት ላይ እየነዱ ያወሩ ነበር፣ ስገባ አይቻቸው የማይሆን ነገር መሰለኝ። ስወጣ ሁለተኛ ፎቅ ቤቴ ድረስ ሳልቀመጥ ወጣሁ፣ በዚህ እኮራለሁ፣ በጣም።

አሁን ቤት ውስጥ ሳይክል አለኝ፣ ያንኑ ነው የምሰራው። የጣት ኦክስጅን መለኪያውን ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። 2020 ላይ አሜሪካ የወጣ ጥናት መሳሪያው የጥቁር ህመምተኞችን የኦክስጅን እጥረት ከነጮቹ ሶስት እጥፍ ገደማ አብዝቶ እንደሚስት አሳይቷል፣ በብርድ የደነዘዘ ጣትና የጥፍር ቀለም ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ቁጥሩ 94 እያለ ራሳችሁ ከዞረ የሚታመነው ራሳችሁ ነው። እዚህ ከጆሮ ጫፍ ደም ወስደው ትክክለኛውን ይለካሉ፣ ጠይቁ። የጤፍ ከረጢት ተሸክሞ ደረጃ መውጣት የለም፣ ወንድሞቻችሁ ምን ይሰራሉ? የአቢይ ፆም ስግደትም እንደዛው፣ ቶሎ ቶሎ ጎንበስ ቀና ማለት ለኛ ልብ ከባድ ነው። እኔ ንስሀ አባቴን ጠይቄ "ቆመሽ ፀልይ፣ መድሃኒትሽንም በውሃ ዋጪ" አሉኝ። ሰሞኑን ራሱን የሳተ፣ እግሩ እያበጠ ያለ፣ ወይ መድሃኒቱ ገና እየተስተካከለለት ያለ ሰው አይጀምር፣ መጀመሪያ ዶክተር ጋ ይደውል።

አዲስ አበባ ስትሄዱ ደግሞ የፍራንክፈርቱን ልምምድ እዛ አትድገሙት። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ለኛ ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ሲያልፍ ኦክስጅን ይዞ ነው የሚባለው፣ አውሮፕላኑ ውስጥም አየሩ እንደ ተራራ የሳሳ ነው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ዶክተራችሁን ጠይቁ። እዛው ኢትዮጵያ ሆናችሁ የምታነቡ ደግሞ የኔን ፕሮግራም ቀጥታ እንዳትገለብጡ፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር ብዙ ሰው ላይ የሳንባ ግፊቱ የሚመጣው በልጅነት ከያዘው የሩማቲክ የልብ ቫልቭ ችግር ነው፣ የዛ ህክምናው ሌላ ነው፣ መጀመሪያ ቫልቩ ይታያል። የልብ ሀኪማችሁን "የኔ ከየትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ስለ ሳይክሉ የምትወስኑት ከዛ በኋላ ነው።